ዶክተሩ መቼ ይመጣሉ?

ነርስ ነኝ፤ ወንድ ነርስ። ጋውን ለብሼ ዋርድ ውስጥ ስገባ ሰው የሚያየው ዶክተር ነው። «ነርስ ነኝ» እላለሁ። «እሺ ዶክተር» ይሉኛል። አርሜ አርሜ ደክሞኛል፤ ግን አሁንም አርማለሁ። እሱን ለምጄዋለሁ። ከውስጤ አልወጣ ያለኝ ሌላ ነገር ነው።

የሐሞት ጠጠር አሠቃይቷቸው የገቡ አንዲት እናት ነበሩ። «እማማ» ነበር የምላቸው። ኦፕራሲዮን በተደረጉ ማግስት ሐኪሟ ለራውንድ መጣች። ስሟን ነገረቻቸው። ኦፕራሲዮኑን የሠራችው እሷ መሆኗንም ነገረቻቸው። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና የት የት ጋ እንደተቀደደ አንሶላው ላይ በጣቷ ሣለችላቸው። የወጣውን ጠጠር በትንሽ ብልቃጥ ይዛ መጥታ ነበር። እማማ ብልቃጡን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። ነቀነቁት። ሲንኳኳ ሳቁ። «አንቺ ልጄ፣ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው?» አሏት። ከሆዳቸው የወጣችውን ቀጭን ቱቦ አየች፤ ምን መብላት እንደሚችሉ ነገረቻቸው፤ ትከሻቸውን ነካ አድርጋ ወጣች።

እኔ አጠገባቸው ሆኜ የደም ግፊታቸውን እየለካሁ ነበር። ገና በሩ ሳይዘጋ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ሲስተር እንዴት ያለች መልካም ልጅ ናት!» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ ኦፕራሲዮን ያደረጉኝ ዶክተር መቼ ይመጣሉ? ወይስ እርስዎ ነዎት?»

ልብ በሉ፤ እሷን አንቺ፣ እኔን አንቱ። በዕድሜ ደግሞ እኩያሞች ነን።

«እማማ፣ ኦፕራሲዮን ያደረገችዎት እኮ እሷ ናት» አልኳቸው።

«የቷ?»

«አሁን የወጣችው።»

እጃቸው ሄዶ ሆዳቸው ላይ አረፈ። «ይቺ ልጅ?» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው ፈካ። «ውይ የኔ እናት! እጇን ይባርከው!»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «ዶክተሬ» ሆነች። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ወሬያቸው እሷ ናት። አጠገባቸው የተኛችውን ታማሚ ሳይቀር «አንቺም በሷ ታከሚ» ይሏት ነበር። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ እኔም ይሄን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ሊወጡ ሲቃረቡ፣ አንድ ምሽት ሌላ ተረኛ ሐኪም መጣች። እሷም ሴት ናት። እሷም ስሟንና ሥራዋን ተናግራ ቻርታቸውን ማገላበጥ ጀመረች። እማማ በትሕትና አዳመጧት። «እሺ ሲስተር» አሏት። «አሁን እባክሽ ዶክተሬን ጥሪልኝ።»

የኔዋ ልዩ ናት

እስካሁን ያልለቀቀችኝ ይቺ ቅጽበት ናት። እማማ ሴት ዶክተር መኖሯን ያውቃሉ። አንዷን ይወዳሉ፣ ይመርቃሉ፣ ለሰው ያወራሉ። ቀጣይዋ ስትመጣ ግን ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው ሥዕል ንቅንቅ አላለም። ታዲያ ምንድን ነበር የተቀየረው?

ሳስበው፣ የመጀመሪያዋን ሐኪም የተቀበሏት ግምታቸውን ቀይረው አልነበረም። ከግምታቸው ውጪ ለብቻዋ ቦታ ሰጥተዋት ነው። የኔዋ ልዩ ናት፤ ሌሎቹ ግን ያው ናቸው። ይሄ የእማማ ብቻ ጠባይ አይደለም። ሬኔ ዌበር እና ጄኒፈር ክሮከር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ይሄንኑ ፈትነውታል። የተጠቀሙት ደግሞ የሥራ ዘርፎችን ነው፤ ስለ ጠበቆችና ስለ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ሰው ያለውን ግምት። ከግምቱ ጋር የማይገጥመው ነገር ሁሉ በጥቂት ሰዎች ላይ ሲከማች፣ ተሳታፊዎቹ እነዚያን ሰዎች «ልዩ ናቸው» ብለው ይለይዋቸዋል፤ ግምቱ ብዙም አይነካም። ያው መረጃ ለብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ሲዳረስ ግን ግምቱ ይላላል።

አንድ እንጨት አይነድም የሚባለው እዚህ ጋ በደንብ ይሠራል። «የመጀመሪያዋ ሴት እንትን» እያልን የምናወጣቸው የአድናቆት ጽሑፎች ላይ ጥርጣሬ የገባኝም ከዚህ በኋላ ነው። ሴትየዋ ይገባታል፤ ክርክር የለኝም። አንባቢው ግን ጽሑፉን ሲጨርስ «እሷማ ብርቅ ናት» ብሎ ከሆነ የሚዘጋው፣ ሥዕሉን ከመነካት አድነንለታል ማለት ነው።

ለእማማም ፍርደ ገምድል አልሁንባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ከነበሩ ነርሶች 90 በመቶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ዋርድ ውስጥ ያላወቋትን ሴት ነርስ ናት ብሎ መገመት የቂል ግምት አይደለም። ብዙ ጊዜ ይመታል። ጭንቅላት ዕድሜ ልኩን ሲቆጥር የኖረውን ነው የሚያወጣው፤ ክፋት ላይኖረው ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ሐኪሟ በገዛ አፏ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ብላለች። ጠጠሩን በብልቃጥ አምጥታ አሳይታለች። ያ ሁሉ ማስረጃ አንዲት የቆየች ግምት ማሸነፍ አቃተው። የኔ ተቃራኒ ማስረጃም እንዲሁ አይሠራም፤ «ነርስ ነኝ» ብዬ በግልጽ ነግሬያቸው «እሺ ዶክተር» ይሉኛል። መገመትስ ሁላችንም እንገምታለን። ማስረጃ ፊት ለፊት ቆሞ ሲናገር አለመስማት ግን ሌላ ነገር ነው።

ደግሞ ይሄ ግምት ለሁላችን እኩል አያስከፍልም። እሷን ዝቅ ያደርጋታል፣ እኔን ከፍ ያደርገኛል። ክርስቲን ዊልያምስ የተባለች የሶሺዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ላሳተመችው ጥናት በነርስነት፣ በአንደኛ ደረጃ መምህርነት፣ በቤተ መጻሕፍትና በማኅበራዊ አገልግሎት የሚሠሩ ወንዶችን አነጋግራ ነበር። ያገኘችው ነገር እኔ በየቀኑ የማየው ነው። ወንዶቹ «የሴት ሥራ» ውስጥ ሲገቡ ብዙዎቹን ወደ ላይ የሚገፋቸው ነገር አለ፤ ወደ ኃላፊነት፣ ወደ አስተዳደር። «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» የሚለው ጥያቄ ሙገሳ ሆኖ ነው የሚመጣው። እኔም «ለምን ዶክተር አልሆንክም?» የሚለውን እሰማለሁ። የዋርዳችንን ሴት ነርሶች ይሄን ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው የለም። እንደነሱ ግምት እሷ ቦታዋ ላይ ናት፤ እኔ ግን መንገድ ስቼ ነው።

ጣቶቼ የሚያውቁት

አንድ የአዳር ተራ ላይ ዋርዱ ጸጥ ሲል ሳናውቀው ውስጣችን ያለውን ግምት የሚለካውን ያንን ታዋቂ ፈተና ኢንተርኔት ላይ ወሰድኩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንቶኒ ግሪንዋልድ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያስተዋወቁት ነው። ቃላት ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላሉ፤ አንተ በፍጥነት በግራ ወይም በቀኝ ትመድባለህ። መጀመሪያ የወንድ ስምና የሥራ ቃላት በአንድ በኩል፣ የሴት ስምና የቤተሰብ ቃላት በሌላ በኩል ይሆናሉ። ቀጥሎ ይገለባበጣል፤ ሴትና ሥራ አብረው፣ ወንድና ቤተሰብ አብረው። የሚለካው ሐሳብህ አይደለም፤ ፍጥነትህ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ሳላስበው አለቀ። ሁለተኛው ላይ ጣቶቼ ተሳሰሩ። «ደሞዝ» የሚለውን ቃል ከሴት ስሞች ጋር ለመመደብ አንዲት ቅጽበት ያህል እየቆምኩ ነበር። ቅጽበቷ ትንሽ ናት፤ ግን ትታወቃለች። ውጤቱ «መካከለኛ ዝንባሌ» አለኝ። «የሴት ሥራ» በሚባል ሥራ እንጀራውን የሚበላ ሰው፣ አለቃው ሴት የሆነች ሰው፣ መካከለኛ ዝንባሌ።

ይሄ ፈተና ትችት የማያጣው ነው። አንድ ሰው ዛሬና ነገ ቢወስደው የተለያየ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ የግለሰብን ልብ ለመመርመር ሳይሆን የብዙ ሰዎችን አዝማሚያ ለማየት ነው የሚሻለው። እኔም የራሴን ውጤት እንደ ፍርድ አልወሰድኩትም። የገባኝ ነገር ግን አለ። ግምቱ መኖሩን ማወቅ ግምቱን አያጠፋውም። ሌላው ቀርቶ ራስህ የግምቱ ተቃራኒ ሆነህ መኖርህ እንኳ አያጠፋውም።

የአንድ ከሰዓት ስልጠና

የምሠራበት ቦታ አንድ ጊዜ ስለ ስውር አድልዎ ስልጠና ሰጥቶን ነበር። ጎበዝ አሠልጣኝ ነበረች። ዓይናችንን አስጨፍና «አውሮፕላን አብራሪ አስቡ» አለችን፤ ቀጥላ «ስንቶቻችሁ ሴት አሰባችሁ?» ስትለን አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሁላችንም ራሳችንን ያየን መሰለን። ወጥተን ሰርተፊኬት ተቀበልን።

ማግስቱን ዋርዱ ውስጥ ምንም የተለየ ነገር አላየሁም። ጥናቱም ከኔ ጋር ነው። ካልቪን ላይ የተባለ ሰው የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው ሥራ ስውር አድልዎን ይቀንሳሉ የተባሉ 9 ዘዴዎችን በ6,321 ሰዎች ላይ ሞከረ። የተሞከረው በዘር ላይ ባለ አድልዎ እንጂ በጾታ ላይ አይደለም፤ ግን ጉዳዩ ያው ነው። ዘጠኙም ዘዴዎች ወዲያው ሠሩ። ከሰዓታት ወይም ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ሲለካ ግን የአንዱም ውጤት አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓትሪክ ፎርሸር እና ባልደረቦቹ 492 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት አመጡ። ፈተናው ላይ ያለው ቁጥር ዝቅ ሲል እንኳ ሰዎቹ የሚያደርጉት ነገር አብሮት ሲቀየር አልታየም።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዲሉ ነው። ለውጡን የምንፈልገው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ግምቱ ግን አዳራሽ ውስጥ አልተፈጠረም። ያለ ማጋነን ልናገርና፣ የአንድ ከሰዓት ስልጠና ከሠራተኛው ይልቅ አሠሪውን ነው የሚጠቅመው። «አሠልጥነናል» ለማለት ይመቻል።

እዚህ ላይ ነበር ተስፋ ልቆርጥ የደረስኩት። ግምቱ በአንድ ልዩ ሰው አይቀየርም፣ በማወቅ አይቀየርም፣ በስልጠና አይቀየርም። ታዲያ በምን?

ሁለተኛዋ ሊቀመንበር

መልስ የሚመስል ነገር ያገኘሁት ከህንድ ነው። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣችው ሕግ ከመንደር ምክር ቤት ሊቀመንበርነት ቦታዎች ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ለሴቶች ብቻ እንዲሆን ያዛል። ለተመራማሪ ሎተሪ የሆነው ነገር፣ በምዕራብ ቤንጋል የትኛው ምክር ቤት በሴት እንደሚመራ የሚወሰነው በዕጣ መሰል አሠራር መሆኑ ነው። ሴት እንድትመራው የተደረገው መንደር ከሌሎቹ የበለጠ «የሠለጠነ» ስለሆነ አይደለም፤ ዕጣው ስለወጣበት ነው። ስለዚህ ሁለቱን ዓይነት መንደሮች ማወዳደር ይቻላል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዋ ኤስተር ዱፍሎ ያለችበት ቡድን ይሄን አደረገ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ።

ዘዴው ደስ ይላል። ለመንደሩ ሰዎች የአንድ ሊቀመንበር ንግግር ተቀድቶ ይሰማቸዋል። ንግግሩ ቃል በቃል አንድ ነው። ለአንዳንዱ በወንድ ድምፅ፣ ለአንዳንዱ በሴት ድምፅ። ከዚያ «ይሄ መሪ እንዴት ነው?» ተብለው ይጠየቃሉ። ሴት መርታቸው በማታውቅባቸው መንደሮች ወንዶቹ የሴቷን ድምፅ ዝቅ አድርገው መዘኑ። ያው ቃል፣ ያው ሐሳብ። ሴት በመራቻቸው መንደሮች ግን ልዩነቱ ጠፋ። ሴትን ከቤት ሥራ ጋር ብቻ የሚያያይዘው ስውር ግምትም ላላ።

ልብ ያልኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ወንዶቹ ሴት መሪ መውደድ አልጀመሩም። «ወንድ ቢመራን እንመርጣለን» የሚለው ስሜት እዚያው ነበር። የተቀየረው «ትችላለች ወይ?» የሚለው ነው። መውደድና ማመን ለየቅል ሆነው አገኘኋቸው። አሰብኩት። እኔ እስካሁን ሰው እንዲለወጥ ስፈልግ ልቡ እንዲለወጥ ነበር የምፈልገው። እነዚህ ገበሬዎች ልባቸው ሳይለወጥ ሚዛናቸው ተስተካከለ። ለዋርዱ ደግሞ ይሄ ይበቃል። ታማሚው ሴት ሐኪም ይውደድ አልልም። የምትናገረውን ይስማ።

ሌላው ነገር ድግግሞሽ ነው። ሴቶች ኮታ በሌለበት ወንበር ላይ ጭምር ተወዳድረው ማሸነፍ የጀመሩት ሁለት ምርጫ ተከታትሎ ሴት በመራቻቸው ምክር ቤቶች ነው። የመጀመሪያዋ ሊቀመንበር ብርቅ ነበረች። ሁለተኛዋ ግን «ሊቀመንበሯ» ብቻ ሆነች። ያው ቡድን በ495 መንደሮች ልጆችንና ወላጆችን ጠይቆ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተመ። ሁለት ዙር በሴት በተመሩት መንደሮች ወላጆች ለወንድ ልጃቸውና ለሴት ልጃቸው በሚመኙት መካከል ያለው ክፍተት በ25 በመቶ ጠቧል። በልጆቹ በራሳቸው በ32 በመቶ። የትምህርት ክፍተቱ ደግሞ ተደፍኗል። ለልጃገረዶቹ የሥራ ዕድል የሚባል አዲስ ነገር አልተከፈተም ነበር፤ ያዩት ነገር ነው የተቀየረው።

እማማን አሰብኳቸው። ሁለተኛዋን ሐኪም ስሟንና ሥራዋን ነግራቸው እንኳ ሲስተር ያሏት ሁለተኛ ስለሆነች ነው። ምናልባት አሥረኛዋ ላይ ይቆም ነበር። ዋርዳችን አሥረኛ ሴት ሐኪም አልነበረውም።

ሌሎችም ማስረጃዎች ወደዚሁ ያመለክታሉ። ዴቪድ ቻምበርስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1977 ድረስ 4,807 ሕፃናትን ሳይንቲስት ሣሉ ብሎ ነበር። ከነዚያ ሁሉ ሥዕሎች ሴት የነበሩት 28 ብቻ ናቸው፤ ሃያ ስምንቱንም የሣሏቸው ሴት ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአምስት አሥርት ዓመታት ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአማካይ ከ100 አሜሪካውያን ሕፃናት 28 ያህሉ ሴት ሳይንቲስት ሥለዋል። ስልጠና አልተሰጣቸውም። ዙሪያቸው ተቀየረ። ልጆቹ ዕድሜያቸው ሲጨምር ግን ወንድ የሚስሉት ይበዛሉ፤ ዓለምን የበለጠ እያዩ ነዋ።

ያ የጣት ፈተናም ቢሆን ለብዙኃኑ ሲደመር ይናገራል። ቴሳ ቻርልስዎርዝ እና ማህዛሪን ባናጂ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2018 የተሰበሰቡ 1.4 ሚሊዮን ፈተናዎችን ሲመረምሩ፣ ሳይንስን ከወንድ፣ ቤተሰብን ከሴት የሚያያይዘው ዝንባሌ ከ13 እስከ 19 በመቶ ቀንሷል። ስውሩም፣ በአፍ የሚነገረውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይሄ ነው። ግን እኔ ቁጥሩን ሳየው የተሰማኝ ደስታ ብቻ አይደለም። በዚህ ፍጥነት እስኪያልቅ አሁን ተማሪ የሆኑት ሐኪሞች ጡረታ ይወጣሉ።

ወደ ኋላም ይሄዳል

ደግሞም መንገዱ ወደ ፊት ብቻ አይደለም። ኤኒያክ የተባለው ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በየካቲት 1946 ለሕዝብ ሲታይ፣ እንዲያሰላ ያደረጉት ስድስት ሴቶች ነበሩ። ፕሮግራም መጻፍ ያኔ እንደ ጽሕፈት ሥራ ነበር የሚታየው፤ ቁም ነገሩ ማሽኑን መሥራት ነው ተብሎ። ሴቶቹ ከዝግጅቱ በኋላ ለተደረገው እራት እንኳ አልተጠሩም። ሥራው ክብርና ገንዘብ ሲያመጣ «የወንድ ሥራ» ሆነ። አሜሪካ ውስጥ በኮምፒውተር ሳይንስ ከሚመረቁት ሴቶቹ እ.ኤ.አ. በ1984 አካባቢ 37 በመቶ ደርሰው ነበር። ከ25 ዓመት በኋላ 18 በመቶ ገደማ ነበሩ። የሴቶች ጭንቅላት በ25 ዓመት አልተቀየረም። ሰው ስለ ሥራው ያለው ሥዕል ነው የተቀየረው፤ ወደ ኋላ።

ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ከሐኪሞች 70 በመቶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። እማማ እዚያ ቢታከሙ ኖሮ ማንንም ሲስተር ብለው አይሳሳቱም ነበር። ደሞዙ ግን ዝቅተኛ ነበር፤ ከፍተኛውን ወንበር የያዙትም በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። አሳፍ ሌቫኖን፣ ፓውላ ኢንግላንድ እና ፖል አሊሰን የአሜሪካን የሕዝብ ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 2000 ድረስ ሲያጠኑም ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ሴቶች በብዛት ወደ አንድ ሥራ ሲገቡ፣ የሚጠይቀው ችሎታ ሳይቀየር ክፍያው ይወርዳል።

ይሄ ነው የሚያስጨንቀኝ። ሴቶቹ ሲበዙ ግምቱ ይላላል ብያለሁ። ሲበዙ ደግሞ ሥራው ይረክሳል። «ትችላለች» ወደሚለው ስንደርስ «ቀላል ሥራ ነው ማለት ነው» የሚል ሌላ ግምት ይጠብቀናል።

የኔም ሥራ በዚሁ መሐል ነው ያለው። ሰሞኑን ወንድ ተማሪዎች ለልምምድ እየበዙልን ነው። አንድ ባልደረባዬ «ወንድ ከገባበት ደሞዙም ይጨምራል» ብሎ ሲደሰት ሰማሁት። ልክ ሊሆን ይችላል። ልክ መሆኑ ነው ያበሳጨኝ። እነዚያ ሴቶች ሌሊቱን ሲያድሩ የኖሩበት ሥራ እኛ ስንመጣ ነው ዋጋ የሚያወጣው?

የአዳር ተራ ክፍያ ይስተካከል ብለን ከአስተዳደሩ ጋር ልንነጋገር ነው። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ያዘጋጁት የዋርዱ ኃላፊ ነርስ ናቸው። ከኔ ዕድሜ የሚበልጥ ልምድ አላቸው። ወረቀቱን ጨርሰው ለኔ ሰጡኝ። «አንተ ተናገር፤ አንተን ይሰሙሃል» አሉኝ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ የሚለው አባባል እንዲህ ቁጭ ብሎ ሲሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «ሲስተር፣ እርስዎ ነዎት ያዘጋጁት፤ እርስዎ ይናገሩ። እርስዎን መስማት ካልለመዱ መቼ ይለምዳሉ?» አልኳቸው። ስለ ህንድ ሁሉ ነገርኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ልጄ» አሉኝ። «መጀመሪያ ጭማሪው ይምጣ። ትምህርቱን ከዚያ ትሰጣቸዋለህ።»

ስብሰባው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ወረቀቱ እኔ ጋ ነው ያለው።